ከአፈር እስከ ገበያ፦ የአንዲት ሸክላ ሠሪ የሕይወት ታሪክ ፊልም በስልክ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ውስጥ ጀበና የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጀበናውን በእጃቸው የሠሩትን ሴት ስም የሚያውቅ ቤት ማግኘት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ስኒው ሥር የፋብሪካ ስም አለ። የስኳሩ ከረጢት ላይም አለ። ጀበናው ላይ ግን ምንም የለም።

ይህ መመሪያ ያንን ስም ፊልም ላይ ማስፈር ለምትፈልጉ ነው። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ባቲ ወይም ወልዲያ፣ ደህና ስልክ ካላችሁና አንድ ወር ገደማ መታገሥ ከቻላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ትሠራላችሁ።

ሸክላ ሠሪ ለእኔ ቀራፂ ናት። መዘውር ሳይኖራት፣ በዓይኗ ልክ ብቻ፣ ከጭቃ ክብ ሆድና ቀጭን አንገት የምታወጣን ሴት ሌላ ምን ልበላት? ወሎ እኮ የቅርጽ አገር ነው። ላሊበላ ላይ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ቤተ አባ ሊባኖስን፣ ያሠራችው ንግሥት መስቀል ክብራ እንደሆነች በትውፊት ይነገራል። የንግሥቲቱን ስም እናውቃለን። መሮ ይዘው ድንጋዩን የፈለፈሉትን ግን አናውቃቸውም።

መጀመሪያ ሁለት ፊልም እዩ

ስለ ሴት ቀራፂ ፊልም ለመሥራት፣ ስለ ሴት ቀራፂ የተሠራ ፊልም ማየት ግድ ነው። የእኔ ምርጫ ስለ ፈረንሳይዋ ካሚል ክሎዴል የተሠሩት ሁለቱ ናቸው። የካሚልንና የፊልሞቹን ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ካሚል በ1864 ተወለደች። ገና ወጣት ሳለች የታዋቂው ቀራፂ የኦጉስት ሮዳን ተማሪ፣ ከዚያ ረዳቱ፣ ከዚያም ፍቅረኛው ሆነች። እሱ በ24 ዓመት ይበልጣታል። በኋላ ተለያዩ። ብቻዋን ሠራች፣ ተቸገረች፣ አእምሮዋም ታወከ፤ ብዙ ሥራዎቿን በገዛ እጇ ሰባበረች። አባቷ ደጋፊዋ ነበር። እሱ በመጋቢት 1913 ሞተ፤ በስምንተኛው ቀን ቤተሰቦቿ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ አስገቧት። ሐኪሞች ወደ ቤተሰቧ ልትመለስ ትችላለች ቢሉም እናቷ እንቢ አለች። አንድም ቀን ሄዳ አልጠየቀቻትም። ካሚል በእንዲህ ያሉ መኖሪያዎች ውስጥ 30 ዓመት ቆይታ በ1943 አረፈች።

የመጀመሪያው ፊልም በ1988 ወጣ። አዘጋጁ ብሩኖ ኑይተን ነው። ካሚልን ኢዛቤል አጃኒ፣ ሮዳንን ዤራር ደፓርዲዩ ሆነው ይጫወታሉ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ራቁት ገላ የሚታይባቸው ቦታዎች ስላሉት ከልጆች ጋር አትዩት።

ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል እጇ ጭቃ ወይም ድንጋይ ላይ ያለበትን እያንዳንዱን ትዕይንት ጻፉ፤ በሌላው ስለ ፍቅሯና ስለ ጠቧ የሚያወራውን። አጀማመሩን አስተውሉ። ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው። አንዲት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጭቃ ትቆፍራለች። ስለ እሷ ማንም ምንም ሳይነግረን ማን እንደሆነች እናውቃለን። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እየቆየ ግን ሮዳን ቦታውን ይይዘዋል፣ የሥራው ዓምድ እየሳሳ የፍቅሩ ዓምድ ይሞላል። ሁለቱን ዓምዶች ስታዩ የራሳችሁ ፊልም ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል ይገባችኋል። የሴት ታሪክ ሲወራ ባሏ፣ ፍቅረኛዋ ወይም መከራዋ ፊት ይቀድማል። እናንተ እጇን አስቀድሙ።

ሁለተኛው የ2013 ነው፤ የብሩኖ ዱሞን ሥራ። ዡሊየት ቢኖሽ ትጫወታለች። መላ ሕይወቷን አይተርክም። በ1915 የሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሆና የወንድሟን የፖልን መምጣት የምትጠብቅባቸውን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚህኛው የምትወስዱት ትምህርት ለኪሳችሁም ይበጃል፦ አንድን ሰው ለማሳየት ከልደት እስከ ሞት መሄድ አያስፈልግም።

ሥራዎቿንም በፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። አንዱ ትንሽ ነው፤ አራት ሴቶች ጥግ ላይ ተጠጋግተው አንዷ የምታወራውን ምስጢር ያዳምጣሉ። አንገታቸው ወደ ፊት ተሰግጓል፣ ጀርባቸው ጎብጧል። ቡና ላይ የተቀመጡ የሰፈራችንን ሴቶች ነው ቁርጥ የሚመስሉት።

ባለታሪኳን ማግኘት

ገበያ ሂዱ። የባቲ ሰኞ ገበያ ጥሩ ነው፤ የእናንተም ወረዳ የራሱ ቀን አለው። ሸክላ ተራውን ጠይቁ። ካሜራ አታውጡ። ጀበና ወይም ምጣድ ግዙ፣ ዋጋም አትከራከሩ። ሰላምታውን እንደ ወሎ ልማድ ረዘም አድርጉት፤ ጤና፣ ልጆች፣ ከብት፣ ዝናብ። አሮጊት ከሆኑ "እማማ"፣ ጎልማሳ ከሆኑ "እትዬ" በሉ፣ በአንቱታ።

በሁለተኛው ጉዞ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ቤት ሂዱ። ቡና ጀባ ሲሏችሁ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ። ቶናውም በረካውም ይጠጣ። ወሬው የሚመጣው በረካው ላይ ነው።

በሦስተኛው ጉዞ ፈቃድ ጠይቁ። ምን እንደምትሠሩ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስልክ ላይ ሊዞር እንደሚችል በግልጽ ንገሯቸው። እሺ ካሉ ፈቃዳቸውን በድምፅ ቅዱት። ሥራ የሚያስፈቱባቸውን ቀን ሁሉ ከፍላችሁ ቅረጹ። ይህን የማያደርጉ ብዙ ፊልም ቀራጮች አይቻለሁ፤ ልክ አይደለም። የቀን ገቢያቸውን እሳቸው ይንገሯችሁ። ለቀበሌውና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ወረቀት ያዙ። ድሮን ይቅርባችሁ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በአገራችን ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን "ቡዳ" እያሉ የማግለል ክፉ ልማድ ኖሯል። በጋብቻም በማኅበርም ያራቋቸው አሉ። ይህን ቁስል እናንተ አትክፈቱት። እሳቸው ካነሱት አዳምጡ፣ ከዚያ ፊልሙ ላይ ይግባ አይግባ ብላችሁ ጠይቁ። አይግባ ካሉ አይገባም።

የሕይወት መስመሩን ጻፉ

"በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወዴትም አያደርስም። በኛ አገር ዕድሜ የሚቆጠረው በሆነው ነገር ነው። በ66ቱ ረሃብ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ ወይስ ውኃ ይቀዱ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር? ደርግ ሲወድቅ ስንት ልጅ ነበራቸው? በዚህ መንገድ ከሁለት ሦስት ዓመት ባልበለጠ ስህተት ዕድሜያቸውን ታገኛላችሁ። ሁለቱ ረሃቦች ወሎ ላይ ስም ብቻ አይደሉም፤ ያልቀበረ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዓመቱን ለማወቅ ጠይቁ፣ ለማስለቀስ ግን አትጠይቁ።

ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። ማን አስተማራቸው? እናት፣ አያት ወይስ አማት? መጀመሪያ የሠሩት ምን ነበር? ለማን ተሸጠ? እሳት ላይ እቃው ሁሉ የተሰነጠቀበት ቀን ነበር?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ይህ ነው፦ "መሥራት ያቆሙት እቃ ምንድን ነው?"

ይህን ጥያቄ ሳቀርብ ከሰማኋቸው መልሶች የመጀመሪያው እንስራ ነበር። የፕላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ እንስራ የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ ድስት፤ የብረትና የአሉሚኒየሙ ተተካ። ከዚያ ጋን፤ ለሠርግ ጠላ በርሜል ተያዘ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ጀበናው ቀረ። የአንዲት ሴት የሥራ ዘመን በሙሉ በእነዚህ አራት አምስት እቃዎች ሊተረክ ይችላል። ቤታቸው ጥግ ላይ የመጨረሻው እንስራ ተቀምጦ ካገኛችሁ ቅረጹት። እህል ይቀመጥበት ይሆናል። እጃችሁን ሰዳችሁ ከውስጥ ያለውን የጣት ምልክት ንኩ።

ታሪኩን በአንድ ጀበና ላይ አስሩት

መላ ሕይወታቸውን አትከተሉ። አንድ ጀበና ምረጡ። አፈሩ ከሚቆፈርበት ቀን ጀምሮ ገበያ እስኪወጣ ተከተሉት፤ በየደረጃው ላይ የሕይወታቸውን አንድ ቁራጭ ጣል አድርጉ። አፈር ሲቆፈር ልጅነት። ሲቦካ ትምህርታቸው። ሲደርቅ ትዳርና ልጅ። እሳት ላይ ሲገባ የከበደው ዘመን። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ "ቀጥሎ ምን ይሆናል?" እያለ ይከተላችኋል፣ ጀበናው ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ ስለማያውቅ።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። ስልክ፣ ሦስት እግር፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ ፓወር ባንክ፣ ትርፍ ሚሞሪ። ስልኩን አግድም ያዙት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ አምፖሉ ሊርገበገብ ይችላል፤ 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ አፕ ይህን ያስተካክልላችኋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የበር ብርሃን ነው። ባለሙያዋ በሩ አጠገብ ጎናቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ይቀመጡ።

ቀረጻው

አፈሩ የሚወጣበት ቦታ አብራችሁ ሂዱ። ተሸክመው ሲመለሱ ከፊት ሆናችሁ ሳይሆን ከኋላቸው ተከተሉ፤ ሸክሙ የሚታየው ጀርባ ላይ ነው። ተሸክማችሁ ማገዝ ካለባችሁም ካሜራውን አስቀምጡና አግዙ።

አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። የተፈጨ ገል ይጨመርበታል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ተፈጭቶ አዲሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህን አትዝለሉት። ገሉ ሲወቀጥ ድምፁን ለብቻው ቅዱ።

ሆዱ ሲሠራ ካሜራውን በጣም አቅርቡት፣ ከእጃቸው አንድ ክንድ ያህል። አንዱ እጅ ከውስጥ ይደግፋል፣ ሌላው ከውጭ ይገፋል። ዓይናቸው ብዙ ጊዜ እቃው ላይ አይደለም፤ ጣታቸው ነው ውፍረቱን የሚያውቀው። አውራ ጣታቸው ውኃ ነክቶ ጠርዙ ላይ አንዴ ሲዞር ሻካራው ለስላሳ ይሆናል። ይህን አንድ ዙር ሳትቆርጡ ቅረጹ። 40 ሴኮንድ ቢፈጅ 40 ሴኮንድ ይፍጅ። ተመልካች ይሰለቻል ብላችሁ አትፍሩ። ጀበናውን በየቀኑ ሲቀዳበት ያየ ሰው ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

ሆዱ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ አንገቱና ጆሮው ይቀጠላል። በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀናት ይቀመጣል። እነዚያን ቀናት ለቤቱ ሕይወት ተጠቀሙባቸው፤ ልጅ ሲታጠብ፣ ሶላት ወይም ጸሎት፣ እንጀራ ሲጋገር። በየቀኑ አንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ የሚደርቁትን እቃዎች ቅረጹ። ቀለማቸው ከጥቁር ወደ አመድ ሲለወጥ ጊዜው እንዳለፈ ያለ ቃል ይናገራል።

የመተኮሱ ቀን አይደገምም። ሁለት ስልክ ይኑር። አንዱን ራቅ አድርጋችሁ በሦስት እግር አቁሙት፣ መጨረሻ ድረስ አትንኩት። ሌላውን በእጃችሁ ያዙ። ንፋሱ ከየት እንደሆነ እዩና ንፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። እንጨቱና ኩበቱ ሲቀጣጠል ስልኩ ብርሃኑን እየቀያየረ ያስቸግራል፤ ስክሪኑ ላይ እሳቱን ተጭናችሁ ቆልፉት። ሌንሱን በየመሀሉ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ በፊት ግን ሚሞሪውን ባዶ አድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ሄጄ፣ እቃው ከአመዱ ሲወጣ ስልኩ "ሞልቷል" አለኝ። ሌላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

ያኔ ያመለጠኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጀበናው በእንጨት ተገፍቶ ከአመዱ ይወጣል። ቀዝቀዝ ሲል እናቲቱ አንስተው በጣታቸው አንጓ ሁለቴ ያንኳኩታል፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። ከድምፁ በፊት ፊታቸውን ቅረጹ፣ ከድምፁም በኋላ። የፊልማችሁ ልብ እዚህ ነው።

ቃለ መጠይቁ

መጀመሪያ የቀረጽኳቸውን እናት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደራርበው 40 ደቂቃ "አዎ"፣ "አይ"፣ "አልሐምዱሊላህ" ብቻ አሉኝ። ማይኩን ልነቅል ስነሳ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አንደበታቸው ተፈታ። በልጅነታቸው ጭቃ ሲሰርቁ እናታቸው አይተው ምን እንዳሏቸው፣ መጀመሪያ የሸጡት ጀበና ክዳን እንዳልነበረው፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ባለሙያ እጁን ባዶ አድርጌ አልጠይቅም።

እናንተም እየሠሩ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ይሁን። "ይህን ማን አሳየዎት?" በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም አትግቡ፤ እጃቸው መሥራቱን እስከቀጠለ ድረስ ፊልሙ አልቆመም። "ከባድ ነው አይደል?" ብላችሁ መልሱን አፋቸው ላይ አታስቀምጡ። እንባ ከመጣ ካሜራውን ዝቅ አድርጉና "አብሽሩ" በሉ።

የልጅነት ትዕይንት በተዋናይ ለማሠራት ካሰባችሁ እኔ አልመክርም፣ በተለይ የረሃቡን ዘመን። በዚያ ፈንታ የልጅ ልጃቸውን ትንሽ እጅ ጭቃው ላይ ቅረጹ።

ድምፅና ዜማ

አምባሰልና ባቲ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው። ስለዚህ ዜማ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። የአካባቢያችሁን ማሲንቆ መቺ ለምኑ፣ ክፈሉት፣ ስሙንም ጻፉ። የሌላ ሰው ዘፈን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትለጥፉ። ጭቃው በሚሠራበት ቦታ ዜማ አይግባ፤ የእጁ ድምፅ ይበቃል።

ማቀናበር

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አቀናብሩት። እያንዳንዱን ትዕይንት በትንሽ ወረቀት ጻፉ፣ መሬት ላይ ደርድሩ፣ አስተካክሉ። ስልክ ላይ ካፕካት፣ ኮምፒውተር ላይ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል። የቀረጻችሁትን በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ።

ፊልሙ በእጅ ይጀምር። የደሴን ከተማ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ የሚያሳይ መክፈቻ ሁሉም ይሠራዋል፤ ተዉት። ተራኪ ካለ አጭር ይናገር። ባለታሪኳ የተናገሩትን ተራኪው እንዳይደግመው። አነጋገራቸውንም "አታርሙት"፤ የወሎ ለዛው እዚያው ይቅር።

ስማቸውን ከነአባታቸው፣ እሳቸው እንደሚጠሩት አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ጻፉ። ከእናንተ ስም በፊት። ፊደሉን ማንበብ ለሚችል ልጃቸው አሳይታችሁ አረጋግጡ።

ማሳየት

መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ፣ በስልክ። ይውጣ ያሉት ይውጣ። አንዲት እናት አንድ ትዕይንት አስወጥተውኛል፤ ቤታቸው ሳይጠረግ የተቀረጸ ነበር። ለእኔ ቆንጆ ብርሃን ነበረው። አወጣሁት።

ከዚያ ለመንደሩ። ነጭ አንሶላ፣ ፕሮጀክተር፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር። የገበያ ቀን፣ የዓርብ ጁምዓና የእሑድ ቅዳሴ ሰዓት አይሁን። ቡናው በእሳቸው ጀበና ይፈላ። አዲስ ከሆነ አስቀድሞ ይሟሽ። ከበሩ አጠገብ ሰሌን ዘርጉና የሠሯቸውን ጀበናዎች ደርድሩ። ዋጋውን እሳቸው ይንገሩ። ፊልሙን ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጣችሁ ለልጃቸው ስጡ፣ አንድ ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት። ገበያውን እስኪጨርሱ ጠብቁና ያልተሸጠውን ተሸክማችሁ ቤታቸው አድርሱላቸው።